የድሮ የስካውት ፖስትካርዶች በኢንተርኔት ካታሎግ፤ ፊቱን አይታችሁ ጀርባውን አንብቡ

በትምህርት ክፍላችን ካታሎግ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው መጽሐፍ ነው። መጽሐፍ ደራሲ፣ ርዕስና የታተመበት ዓመት አለው። ፖስትካርድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደራሲም ርዕስም የለውም። ታዲያ ብዙ ፖስትካርድ የያዘ ካታሎግ ውስጥ የምንፈልገውን እንዴት እናገኛለን? ይህን በስካውት ፖስትካርዶች ምሳሌነት እንመልከት። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስካውት እንቅስቃሴ መነሻ ሮበርት ቤደን-ፓወል በ1907 እንግሊዝ ውስጥ በብራውንሲ ደሴት ያካሄደው የልጆች ካምፕ ነው። በ1910 እንቅስቃሴው አሜሪካ ገባ። ጊዜው ሰው ዛሬ በሞባይል እንደሚጻጻፈው በፖስትካርድ የሚጻጻፍበት ስለነበር ከየካምፑ የተላከው ካርድ ብዙ ነው።

አንደኛ፣ ቃሉን በየቋንቋው ፈልጉ። ዝም ብሎ በእንግሊዝኛ «ስካውት» ብሎ መጻፍ ብቻውን አያዋጣም። ካርዱ ላይ የታተመው ጽሑፍ እንዳለ ከተመዘገበ፣ የጀርመኑ ካርድ የሚገኘው «ፋድፊንደር» በሚለው ቃል ነው። ሴቶቹም በብዙ አገር «ጋይድ» ስለሚባሉ ለብቻ መፈለግ አለባቸው።

ሁለተኛ፣ በቦታና በዝግጅት ግቡ። ጃምቦሪ የሚባለው የዓለም ስካውቶች ስብሰባ በ1920 ለንደን፣ በ1929 እንግሊዝ ውስጥ በበርከንሄድ፣ በ1933 ሀንጋሪ ውስጥ በገደለ፣ በ1947 ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ በሟሶን ተደርጓል። የቦታውን ስም ከዓመቱ ጋር ስታስገቡ የውጤቱ ብዛት በአንዴ ይቀንሳል።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር ቀኑ ነው። አንድ ፖስትካርድ ሦስት ቀን ሊኖረው ይችላል፦ ፎቶው የተነሳበት፣ ካርዱ የታተመበትና በፖስታ የተላከበት። ካታሎጉ «ቀን» ብሎ አንድ ብቻ ከሰጠን የትኛው እንደሆነ መጠየቅ አለብን። የፖስታ ማኅተም የሚነግረን የተላከበትን ብቻ ነው። ካርዱ ከዚያ በፊት ዓመታት መደርደሪያ ላይ ቆይቶ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ነው ጀርባው የሚያስፈልገው። በእንግሊዝ ከ1902፣ በአሜሪካ ደግሞ ከ1907 በፊት በአድራሻው በኩል መልእክት መጻፍ አይፈቀድም ነበር። ሲፈቀድ የካርዱ ጀርባ በመስመር ለሁለት ተከፈለ። ስለዚህ «ቦይ ስካውት» ተብሎ የተመዘገበ የአሜሪካ ካርድ መስመር ከሌለው መጠርጠር ነው፤ ምናልባት የጦር ሠራዊት ቃኚ ይሆናል። በአሳታሚው አድራሻ ላይ ባለ አምስት አኃዝ የአሜሪካ ዚፕ ኮድ ካለ ደግሞ ፎቶው የፈለገውን ያህል ቢያረጅ ካርዱ ከ1963 ወዲህ የታተመ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል? በ1910ዎቹ የእንግሊዝ ስካውቶች ለረዷቸው ሰዎች በሚሰጡት የምስጋና ባጅ ላይ የስዋስቲካ ምልክት ነበር። ናዚዎች ጀርመን ውስጥ ሥልጣን የያዙት በ1933 ነው፤ የስካውት ማኅበራትንም አግደዋል። እንግዲህ መዝጋቢው ምልክቱን ብቻ አይቶ በግምት «1930ዎቹ» ብሎ ቢጽፍ፣ ፈላጊው አንድን የእንግሊዝ ስካውት ከናዚ ወጣቶች ጋር ሊመድበው ነው። አንድ የተሳሳተ ቀን የሰው ስም ያጠፋል።

ነገ መዝጋቢዎቹ እኛው ነን። የካርዱን ሁለቱንም ገጽ ስካን እናድርግ፤ ሦስቱን ቀናት ለየብቻ እንመዝግብ፤ እርግጠኛ ባልሆንበት ቦታ «ገደማ» የምትለዋን ቃል ለመጻፍ አንሰስት። ፈላጊ ስንሆን ደግሞ ጀርባው ካልታየ ካርድ ላይ ዓመት ጠቅሰን ወረቀት ከመጻፋችን በፊት ቆም እንበል።