በፍቅር ስም የተዘረፈ ምእመን ምን ያድርግ?

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ባስተማረው ምሳሌ፣ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ በወንበዴዎች እጅ የወደቀውን ሰው ደጉ ሳምራዊ «ስለ ምን ብቻህን ሄድህ?» ብሎ አልወቀሰውም፤ ቁስሉን አሰረለት እንጂ። ዛሬ ወንበዴው በእጅ ስልክም ይመጣል። በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ይተዋወቃል፤ ጋብቻን ተስፋ ይሰጣል፤ ቆይቶም «የላክሁልሽ ስጦታ ጉምሩክ ላይ ተይዟል፤ ቀረጡን ክፈዪ» ይላል። ገንዘቡ ሲላክለት ሌላ ሰበብ ይፈጥራል።

ይህ የደረሰበት ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የሚከተሉትን ይፈጽም።

1. መክፈሉን ወዲያው ያቁም። «አስቀድመህ ጥቂት ብትከፍል የጠፋውን ገንዘብ አስመልስልሃለሁ» የሚል ቢመጣም አይመን፤ ይህ ሁለተኛው ዝርፊያ ነው።

2. በኀፍረት ተገፋፍቶ መልእክቶቹን አያጥፋ። የተጻጻፉት ሁሉ፣ የስልክና የሒሳብ ቁጥሮቹ፣ የክፍያው ደረሰኝም ማስረጃ ናቸው።

3. ለላከበት ባንክ፣ በቴሌብር ከሆነም ለኢትዮ ቴሌኮም በዚያው ቀን ያስታውቅ። ገንዘቡ ከተቀባዩ ሒሳብ ገና ካልወጣ የመታገድ ተስፋ አለው። ቀጥሎም ለፖሊስ ያመልክት። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 10፣ ማንነቱን በሐሰት ገልጦ ሰውን የሚጎዳ አታላይ እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና እስከ 50,000 ብር በሚደርስ መቀጮ እንደሚቀጣ ይደነግጋል።

4. ለሚያምነው ሰው ወይም ለቆሞሱ ይንገር። የተላከው የዕቁብ ወይም የብድር ገንዘብ ከሆነ ለባለ ገንዘቦቹ እውነቱን ገልጦ የመክፈያ ጊዜ ይለምን። ዕዳን በሌላ ዕዳ መሸፈን ጉዳቱን ያበዛዋል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ «አትስረቅ» እና «በሐሰት አትመስክር» የሚሉትን ትእዛዛት ያፈረሰው አታላዩ እንጂ የተታለለው አይደለም። ሰውን ማመንና መውደድ ኀጢአት አለመሆኑን ለተጎዳው አስረዱት። የነገራችሁንም በልባችሁ ያዙ፤ ሐዋሳ ብትሰፋም ወሬ ከሐይቁ ዳር ታቦር ተራራ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። አታላዩ ከሁሉ ይልቅ የሚተማመነው በተጎጂው ዝምታ ነው፤ ዝምታውን የሚያጸናውም የእኛ ፌዝ ነው።

ለውይይት፦
ሀ) በቁምስናችን እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው ሳይፈራ ወደ ማን ሊሄድ ይችላል?
ለ) ካህኑና ሌዋዊው አይተው ያለፉትን ሰው እኛስ ዛሬ በምን ዓይነት ንግግር እናልፈዋለን?