ለመንጋ የሚገዛ ውሻ በምን ይመዘን? ከሥራ ውሾች ውድድር ደንብ የሚወሰድ ትምህርት

በገንዳ ውሃ፣ በኮኪትና በመተማ ዮሐንስ ገበያ የተገዛ ከብት ድንበሩን ተሻግሮ ገላባት ይገባል፤ ከዚያም በዶካ በኩል ወደ ገዳሪፍ ይሄዳል። ከገላባት እስከ ገዳሪፍ ያለው መንገድ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእግር የሚነዳ መንጋ ይህን መንገድ በአንድ ቀን አይጨርሰውም፤ ሜዳ ላይ ያድራል። ጅብም ሌባም የሚመጣው ሌሊት ስለሆነ ነጋዴውና ነጂዎቹ ውሻ ይፈልጋሉ።

ነጋዴ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይዳስሳል፣ አስኪዶ እግሩን ይመለከታል። ውሻ ሲገዛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ኃይለኛ ነው?» ሻጩም «ሰው አያስጠጋም» ይላል፤ ዋጋውም በዚሁ ይቆረጣል። በኋላ ውሻው ጥጃ ሲያሯሩጥ፣ መንገደኛ ሲነክስ ወይም ተኩስ ሰምቶ ሲጠፋ ኪሳራው የገዢው ይሆናል።

ውሻን በአንድ ጠባይ ብቻ መመዘን ስህተት መሆኑን ቀድመው የተረዱት የሥራ ውሾችን ውድድር የሚያካሂዱ ማኅበራት ናቸው። ደንባቸው የተጻፈው ለመተማና ለገላባት ባይሆንም፣ አሠራሩ ውሻ ለሚገዛ ነጋዴ ጥሩ መለኪያ ይሰጣል።

ሦስት ፈተና፣ ሦስት ዝቅተኛ ነጥብ

በስፋት ከሚታወቁት ባለ ብዙ ዘርፍ ውድድሮች አንዱ አይ ጂ ፒ የሚባለው ነው። ቀድሞ ሹትስሁንድ፣ ማለትም «ጠባቂ ውሻ» ይባል ነበር። የተጀመረው በጀርመን ሲሆን፣ ዓላማው የጀርመን እረኛ ውሻ ከመልኩ ይልቅ በሥራ ችሎታው እንዲመረጥ ነበር። ዛሬ ደንቡን የሚያወጣው በ1911 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የውሻ ማኅበራት ፌዴሬሽን ነው።

ፈተናው ሦስት ክፍል አለው፦ ዱካ መከተል፣ መታዘዝ እና ጥበቃ። እያንዳንዱ ክፍል ከ100 ይታረማል፤ ድምሩ 300 ነው። ለነጋዴው ትልቁ ትምህርት ግን ከድምሩ ቀጥሎ ያለው ደንብ ነው። ውሻው በእያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ 70 ካላገኘ አያልፍም፤ በአንዱ ክፍል የተገኘ ብልጫ የሌላውን ጉድለት አይሸፍንም።

ሁለት ውሾችን እናወዳድር። የመጀመሪያው በዱካ 98፣ በጥበቃ 95፣ በመታዘዝ 52 ያገኛል፤ ድምሩ 245 ነው። ሁለተኛው 82፣ 80 እና 78 ያገኛል፤ ድምሩ 240 ነው። በድምር ቢሆን የመጀመሪያው ይበልጣል። በደንቡ ግን የመጀመሪያው ወድቋል፣ ሁለተኛው አልፏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የማይታዘዝ ውሻ ጉልበቱ በጨመረ ቁጥር የሚያደርሰው ጉዳትም ይጨምራል።

ጠባቂ ማለት ነካሽ ማለት አይደለም

የጥበቃው ፈተና ከስሙ የተለየ ነገር ይዟል። ውሻው የተደበቀውን ሰው ፈልጎ ሲያገኝ፣ ሰውየው ሳይንቀሳቀስ ከቆመ እንዲነክሰው አይፈቀድለትም። ከፊቱ ቆሞ መጮህና እንዳይሄድ መጠበቅ አለበት፤ ከነከሰ ነጥብ ይቀነስበታል። ይዞ ከሆነም «ልቀቅ» ሲባል መልቀቅ ግዴታው ነው። በመጀመሪያው ትእዛዝ ካልለቀቀ ሁለት ተጨማሪ ትእዛዝ ይሰጠዋል፤ ከዚያም እንቢ ካለ ከውድድሩ ይወጣል።

በመታዘዝ ፈተናው ውስጥ ተኩስ ይተኮሳል። ድምፁን ሰምቶ የሚበረግግ ወይም የሚሸሽ ውሻ ወዲያውኑ ይሰናበታል።

እነዚህ ሁለት ደንቦች ለድንበሩ መስመር ዛሬ ይበልጥ ያስፈልጋሉ። በሱዳን ጦርነቱ ከተጀመረበት ከሚያዝያ 2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በገላባትና በመተማ በኩል ብዙ ሰዎች ከነልጆቻቸው ተሻግረዋል። ከብት የሚነዳበት መንገድ ሰው በእግር የሚሄድበትም መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ላይ «ሰው አያስጠጋም» የተባለ ውሻ ለነጋዴው የካሳ ክፍያና የጠብ መነሻ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍም የሰው ሕይወት ያጠፋል።

መንጋ ሳያስደነግጡ መንዳት

ሁለተኛው ምሳሌ የበግ ነጂ ውሾች ውድድር ነው። በብሪታንያ የመጀመሪያው የታወቀ ውድድር በ1873 (እ.ኤ.አ.) በዌልስ፣ ባላ በተባለች ከተማ ተካሄደ። ዓለም አቀፉ የበግ ውሻ ማኅበር ደግሞ በ1906 ተቋቋመ። ከ100 የሚሰጠው ነጥብ የተለመደ አከፋፈል ይህን ይመስላል፦

• መንጋውን በሰፊው ዞሮ ከጀርባው መድረስ፦ 20
• ሳያስደነግጥ ማስነሳት፦ 10
• ወደ እረኛው ቀጥ አድርጎ ማምጣት፦ 20
• ከእረኛው አርቆ በተተከሉ በሮች መካከል መንዳት፦ 30
• የተወሰኑትን ከመንጋው መለየት፦ 10
• በረት ማስገባት፦ 10

ዳኛው ውሻውን በሙሉ ነጥብ ያስጀምረውና በእያንዳንዱ ስህተት ይቀንስበታል። መንጋው ከመስመር ሲወጣ፣ ሲበተን ወይም ያለ ምክንያት ሲሮጥ ነጥብ ይጎድላል። በግ መንከስ እስከ መባረር ያደርሳል።

የዚህ ደንብ ኢኮኖሚያዊ ትርጉም በቀላል ስሌት ይታያል። 200 በግ የያዘ መንጋ በውሻ እየተባረረ እያንዳንዱ በግ በመንገድ ላይ 1 ኪሎ ተጨማሪ ክብደት አጣ እንበል። ጠቅላላው ጉድለት 200 ኪሎ ነው። በጎቹ በአማካይ 35 ኪሎ የሚመዝኑ ከሆነ ነጋዴው ከ5 በጎች የሚበልጥ ክብደት መንገድ ላይ ጥሎ ገበያ ገባ ማለት ነው፤ አንድም በግ ግን አልሞተበትም፣ አልጠፋበትምም። ጅብ በአንድ ሌሊት ከሚወስደው ይልቅ መጥፎ ውሻ በየቀኑ የሚያደርሰው ኪሳራ የማይታየው ለዚህ ነው። የተነከሰ እንስሳ ቆዳው ይበላሻል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል። እርጉዝ ላም ስትባረር ልትጨነግፍ ትችላለች።

ነጂ ውሻና ጠባቂ ውሻ ይለያያሉ

ነጂ ውሻ መንጋውን የሚያንቀሳቅሰው እንደ አዳኝ አፍጥጦ በመከተል ነው። ጠባቂ ውሻ ደግሞ ራሱን ከመንጋው እንደ አንዱ ቆጥሮ አብሮ ይውላል፣ አብሮ ያድራል። ሁለቱን ሥራ ከአንድ ውሻ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ያሳጣል። በመተማና በገዳሪፍ መካከል የሚሠራ ነጋዴ ከብቱን የሚነዱለት ሰዎች ስላሉት በአብዛኛው የሚያስፈልገው ጠባቂ ነው።

ጠባቂ ውሾችን ለረጅም ጊዜ ያጠናው አሜሪካዊው ተመራማሪ ሬይመንድ ኮፒንገር ጥሩ ጠባቂ ሦስት ጠባይ ሊኖረው እንደሚገባ አስተምሯል፦ ለመንጋው መታመን፣ ከመንጋው አለመለየት እና አደጋን መከላከል። በናሚቢያ የአቦሸማኔ ጥበቃ ድርጅት ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአናቶሊያ ዝርያ ጠባቂ ውሾችን ለገበሬዎች ሲሰጥ ቡችሎቹ ገና በልጅነታቸው ከፍየልና ከበግ ጋር እንዲያድጉ ያደርጋል። ስለዚህ ገዢው ከቁመትና ከድምፅ በፊት «ከምን ጋር አደገ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። በከተማ ግቢ በሰንሰለት ታስሮ ያደገ ውሻ በሰው ላይ ቢጮህም መንጋ አያውቅም።

ከፈተናው በፊት፦ ጤናና ማንነት

በአይ ጂ ፒ ውድድር ውሻው ሜዳ ከመግባቱ በፊት ማንነቱና ጠባዩ ይታያል፤ የታመመ ውሻ አይወዳደርም። ነጋዴውም ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት ሦስት ነገር ያረጋግጥ።

አንደኛ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። ይህ በሽታ በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል፤ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ወደ ሰው የሚተላለፈው በውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ክትባቱ በ3 ወር ዕድሜ አካባቢ ይጀመራል፣ ከዓመት በኋላም ይደገማል። መጀመሪያ የተከተበ ውሻ መከላከያ እስኪያዳብር 3 ሳምንት ያህል ስለሚወስድ ዛሬ ተከትቦ ነገ ጉዞ መጀመር የለበትም።

ሁለተኛ፣ የትል መድኃኒት። ጥሬ ጉበት፣ ሳንባና ጭንቅላት የሚበላ ውሻ የኮሶ ትል ይይዘዋል፤ እንቁላሉን በሣርና በውሃ ላይ ይበትናል። በከብቱ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚወጣው፣ በግ አንጎሉ ተነክቶ በቦታው የሚዞረው ከዚህ የተነሣ ነው። በቄራ የተጣለ ጉበት የነጋዴው ገንዘብ ነው። ውሻው በባለሙያ ትእዛዝ ፕራዚኳንቴል ይሰጠው፤ የሞተ ከብት ሆድ ዕቃ ይቀበር ወይም ይቃጠል እንጂ አይጣልለት።

ሦስተኛ፣ ማንነት። የክትባት ካርዱ ላይ የተጻፈው ቀለም፣ ፆታ፣ ዕድሜና ምልክት ከውሻው ጋር መግጠም አለበት። የሌላ ውሻ ካርድ ይዞ ድንበር መሻገር ካርድ ከሌለው አይሻልም።

ለመተማና ገዳሪፍ መስመር የሚሆን መመዘኛ

ጤናው የተረጋገጠ ውሻ በሦስት ክፍል ይፈተን፤ እያንዳንዱ ከ100፣ ማለፊያው 70።

1. መታመን። ውሻው ከጥጆች ወይም ከግልገሎች ጋር ግማሽ ቀን ይዋል፤ መጀመሪያ በገመድ፣ ቀጥሎ ተለቆ። ግልገሎቹ እንዲሮጡ ይደረግ። ባባረረ ቁጥር 10 ይቀነስ። ከነከሰ ፈተናው እዚያው ያበቃል።

2. አለመለየት። መንጋው ጥቂት ኪሎ ሜትር ይነዳ። ውሻው አብሮ ይሄዳል ወይስ ወደ መንደር ውሾችና ወደ ምግብ ሽታ ይሄዳል? ጥሎ በሄደ ቁጥር 10 ይቀነስ።

3. ጥበቃና መታዘዝ። የማያውቀው ሰው ከአጥር ውጭ ሆኖ በርቀት ይለፍ። ውሻው ሊጮህና በመንጋውና በሰውየው መካከል ሊቆም ይገባል። ዝም ካለ 20 ይቀነስ፤ ከመንጋው ርቆ ሰውየውን ካሳደደም 20 ይቀነስ። ከዚያ ይጠራ፤ በሁለተኛው ጥሪ ከመጣ 10፣ በሦስተኛው ከመጣ 20 ይቀነስ። በሦስተኛው ጥሪም ካልመጣ ወድቋል። ከፍተኛ ድምፅ ሰምቶ ከሸሸም ወድቋል።

ዳኛው ገዢና ሻጭ የተስማሙበት ሦስተኛ ሰው ይሁን። ደላላው ኮሚሽኑ ከሽያጩ ስለሚመጣ ዳኛ ባይሆን ይመረጣል። ክፍያውም ከፈተናው ጋር ይያያዝ፦ ቀብድ በመጀመሪያ፣ ቀሪው ውሻው ሦስቱን ክፍል አልፎ ሁለት ሌሊት ከመንጋው ጋር ካደረ በኋላ። ውሻው ከወደቀ ቀብዱ እንዲመለስ በምስክር ፊት መነጋገር ጠብ ያስቀራል።

በመንገድ ላይ

በእስልምና ውሻን ለመንጋ፣ ለአደንና ለእርሻ ጥበቃ መያዝ የተፈቀደ ነው፤ ምራቁ የነካው ዕቃ ግን ይታጠባል። በገዳሪፍ መንደሮች የሚያድር ነጋዴ ውሻውን ከውሃ ጉድጓድ ዕቃዎችና ከመስገጃ ቦታ ማራቅ አለበት። መንደር ሲገባና ሰው ሲበዛ ውሻው በገመድ ይያዝ።

ውሻው ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም የተነከሰውን ሰው ሳይዘገዩ ጤና ተቋም ማድረስ ግዴታ ነው። ውሻውን በንዴት መግደል አይገባም። ጤነኛ የሚመስል ውሻ ታስሮ 10 ቀን ይታይ፤ በእነዚህ ቀናት ካልታመመና ካልሞተ በነከሰ ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። የተነከሰው ሰው ሕክምና ግን ይህን ውጤት አይጠብቅም። ያበደ ውሻ የነከሰው ከብትም ተሸፋፍኖ ወደ ገበያ ወይም ወደ ቄራ መነዳት የለበትም፤ ለእንስሳት ሐኪም ይነገር።

በአጭሩ፣ የክትባት ካርድ የሌለው ውሻ ፈተና ውስጥ አይግባ፤ ግልገል የሚያባርር ውሻ ለጅብ ማባረሪያ አይገዛ፤ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ የማይመጣ ውሻ መንገድ አይውጣ። ለዚህ ምርመራ የሚጠፋው አንድ ቀን ተኩልና ሁለት ሌሊት ነው፤ ካሳ፣ የከሳ መንጋና የተነከሰ ልጅ የሚያስከትሉት ወጪ ከዚህ ጋር አይወዳደርም።