ጠባብ ቤት በምን ይሰፋል?

ቤታችን ጠባብ ቢሆንም አቀማመጥ ካወቅንበት ይበቃናል። እህል በጆንያ መሬት ላይ ከተቀመጠ እርጥበት ይስባል፤ ይሻግታል። የሻገተ እህል ደግሞ ጤና ይጎዳል። ስለዚህ እህላችንን በደንብ እናድርቅ፤ ጎታውንም ድንጋይ ደልድለን ከመሬት ከፍ እናድርገው። ጎታ መሀል ላይ ሲቆም መኝታውን ከምድጃው ይለያል። መደብ ስንሠራ ከሥሩ ክፍት ብንተው ድስትና ማሰሮ ይይዝልናል። ማጭዱ ልጅ በማይደርስበት ኩላብ ላይ ይሰቀል። የተባይ መድኃኒት ግን ከእህልና ከመኝታ ርቆ ይቆለፍበት፤ ባዶ ጣሳው ቢታጠብም ውሃ አይቀዳበትም።

ለጌጥስ? ገንዘብ አያስፈልግም። ግድግዳው በነጭ አፈር ሲለቀለቅ ቤቱ ይበራል። ሰፌዱና ሌማቱ ሲሰቀሉ ያምራሉ፤ ቦታም አይዙብንም።

ጥያቄ፦ በቤታችሁ መሬት ላይ የሚቀመጠው ምንድን ነው? የትስ ቢሆን ይሻላል?