ማርሚታው ሲያጉረመርም

ስሚኝ እህቴ፤ መኪናሽ ድምፅዋን ስትለውጥ ሬዲዮ ከፍ አድርገሽ አትለፊያት። ብየዳ ቤት ከመሄድሽ በፊትም ጭስ ማውጫው የተበሳው የቱ ጋ እንደሆነ አንቺው ዕወቂ።

ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ደጅ አውጥተሽ አስነሻት። ወፍራም ጨርቅ አጥፈሽ የጭስ ማውጫውን አፍ ለአፍታ ያዝ አድርጊ፤ ጭሱ መውጫ ሲያጣ በተበሳው በኩል ያፏጫል። ፉጨቱ ከሞተሩ በኩል ከመጣ የማኒፎልዱን ጋስኬት፣ ከሥር ከመጣ መገጣጠሚያውን ወይም ማርሚታውን ጠርጥሪ። አጥፍተሽ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጥላሸት የለበሰ መገጣጠሚያ ፈልጊ። በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥር ግን እንዳትገቢ!

የሚያንቋቋ ከሆነ አትደንግጪ፤ ብዙ ጊዜ የላላ ቆርቆሮ ወይም የተበጠሰ ማንጠልጠያ ጎማ ነው።

የጭሱንም ቀለም እዪ። ጠዋት ታይቶ የሚጠፋ ነጭ እንፋሎት ውሃ ነው። ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋና የራዲያተሩ ውሃ ከቀነሰ የቴስታው ጋስኬት ሳይሄድ አልቀረም። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አስፈትሺ። ለነዚህ ሁሉ ማርሚታ ቢቀየር ብርሽን ከማባከን ውጭ ትርፍ የለውም።

ዳገት ላይ ጉልበት ካጣች ካታሊስቱ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። "አውጥተን እንጣለው፣ ቀለል ይልሻል" የሚልሽን አትስሚ። መርዛማውን ጋዝ የሚያከሽፈው እሱ ነው፤ ውስጡም ፕላቲኒየምና ፓላዲየም ስላለበት የሚጣል ዕቃ አይደለም። በአዲስ ካስቀየርሽውም ያስደፈነውን አስቀድመሽ አስጠግኚ፤ ዘይት እየነደደ ወይም ካንዴላ እየሳተ ከሆነ አዲሱም መደፈኑ አይቀርም።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። በፊቼ ጨምበላላ በዓል ሰሞን በዓሉ በሚከበርበት ጉዱማሌ ዙሪያ መኪናው ሁሉ ተጨናንቆ ሞተር ሳይጠፋ ሲቆም ታውቂያለሽ። ማርሚታሽ ሥር ቀዳዳ ካለ ጭሱ ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባው በተለይ እንዲህ ቆመሽ ሳለ ነው። በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሰው እንቅልፍ የያዘው መስሎት በዚያው ይቀራል። ራስሽን ካመመሽ ወይም ካቅለሸለሸሽ ሞተሩን አጥፊና ውረጂ። የኋላውን በር ከፍተሽ አትንጂ፤ ጭሱን ወደ ውስጥ ይስበዋል። መስኮት ዘግተሽ ሞተር እየሠራም እንዳትተኚ።

ድምፁ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደመወዝ እስኪወጣ ጠብቂ እልሽ ነበር። ቀዳዳው ሳይዘጋ ግን ልጆች ጭነሽ መንገድ እንዳትወጪ።