ገበታው ራሱ የሚዞርበት ጨዋታ፦ የሥርዓተ ፀሐይ ካርታ ለጠፈር ዘመቻ

በገበጣ ጨዋታ የሚንቀሳቀሱት ጠጠሮቹ እንጂ ጉድጓዶቹ አይደሉም። በሰንጠረዥም ንጉሡና ፈረሱ ይጓዛሉ፤ ገበታው ግን ባለበት ይቆያል። በጠረጴዛ ላይ የጠፈር ጦርነት ዘመቻ ለመጫወት የሚነሡ ተማሪዎች ግን ሌላ ችግር ይጠብቃቸዋል፤ ከጦር መርከቦቹ ጋር መዳረሻዎቹም ይጓዛሉና። ታዲያ ለእንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ የሚሆን ካርታ እንዴት ይዘጋጃል? ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ርቀትን፣ ቀጥሎም ጊዜን እንመለከታለን።

ርቀቱን በምናውቀው ስፍራ ላይ እንዘርጋው። ፀሐይን በባሕር ዳር፣ በጣና ዳርቻ፣ የመጨረሻዋን ፕላኔት ኔፕቲዩንን ደግሞ ከሐይቁ ማዶ በጎርጎራ እናስቀምጥ። በመካከላቸው በቀጥታ መስመር 70 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። በዚህ መስፈርት ፀሐይ 22 ሜትር ስፋት ያላት ሉል ስትሆን፣ መሬት በ2.3 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ከእግር ኳስ ጥቂት የምታንስ ኳስ ትሆናለች። ማርስ በ3.5 ኪሎ ሜትር፣ ጁፒተር በ12 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ዘጌ በምትርቀው ያህል፣ ሳተርን በ22፣ ዩራነስ በ45 ኪሎ ሜትር ላይ ይውላሉ። የቀረው ሁሉ ባዶ ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ሜትር ጠረጴዛ ላይ ብናሳጥረው ከሜርኩሪ እስከ ማርስ ያሉት አራት ፕላኔቶች በመጀመሪያዎቹ 5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይጨናነቃሉ፤ ለመርከብም ቦታ አይተርፍም። ስለዚህ ምህዋሮቹን እኩል በተራራቁ ክቦች እንሥላለን። ክቦቹ የሚያሳዩት ቅደም ተከተልን ብቻ ነው፤ እውነተኛውን ርቀት በጊዜ እንለካዋለን።

ለዚህ የኬፕለር ሦስተኛ ሕግ ይረዳናል። የመሬትን ከፀሐይ ርቀት 1 ብንለው፣ የአንድ ፕላኔት አማካይ ርቀት ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ በዓመት የተለካው የዙረት ጊዜዋ በራሱ ተባዝቶ ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። የማርስ ርቀት 1.524 ነው፤ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 3.54 ይሰጣል፤ የዚህ ካሬ ሥር 1.88 ዓመት ነው። እንግዲህ የጨዋታው አንድ ተራ አንድ ወር ቢሆን፣ በየተራው መሬትን 30 ዲግሪ፣ ማርስን 16 ዲግሪ፣ ጁፒተርን 2.5 ዲግሪ በክባቸው ላይ እናንቀሳቅሳለን።

አሁን ከመሬት ወደ ማርስ እንዝመት። ነዳጅ የሚቆጥበው መንገድ ሁለቱን ምህዋሮች የሚነካ ግማሽ ሞላላ ነው። አማካይ ርቀቱ 1.262 ስለሆነ በዚያው ሕግ ጉዞው 8.5 ወር ይፈጃል። በዚህ ጊዜ መርከቡ 180 ዲግሪ ሲዞር ማርስ 136 ዲግሪ ትጓዛለች። ስለዚህ መርከቡ ሲነሣ ማርስ ከመሬት 44 ዲግሪ መቅደም አለባት። አለበለዚያ ሠራዊቱ ማርስ በሌለችበት ባዶ ስፍራ ይደርሳል። መሬት በየተራው ማርስን በ14 ዲግሪ ስለምትቀድም፣ ይህ በር የሚከፈተው በየ26 ተራው አንድ ጊዜ ገደማ ነው።

ይህ ሕግ በጨዋታ ብቻ የሚሠራ አይደለም። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ፣ የቻይናና የአሜሪካ መንኮራኩሮች ወደ ማርስ የተነሡት በአንድ ወር ውስጥ፣ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ነበር፤ ሦስቱም በየካቲት 2013 ዓ.ም. ደረሱ። የማርስ ምህዋር ፍጹም ክብ ስላልሆነና መንገዳቸውም በትክክል ግማሽ ሞላላ ስላልነበረ ጉዟቸው ከስሌታችን አጠረ፤ በሩ ግን ያው በር ነበር።

የጨዋታው ስልት እዚህ ላይ ነው። ጠላት በሩ የሚከፈትበትን ቀን እንደ እኛው ስለሚያሰላ ድንገተኛ ጥቃት አይታሰብም። አሸናፊው ነዳጁን አስቀድሞ ያከማቸና ተራውን በትዕግሥት የጠበቀ ነው። የጣና ታንኳ ቀዛፊም ቢሆን ርቀቱን ብቻ አይጠይቅም፤ ነፋሱ የሚነሣበትን ሰዓት ያውቃል።

መልመጃ፦ የጁፒተር ርቀት 5.2 ነው። የጉዞውን ጊዜና መርከቡ ሲነሣ ጁፒተር መቅደም ያለባትን ዲግሪ አስሉ፤ ከዚያም ካርታችሁን በካርቶን ቆርጣችሁ ሥሩ።