ያልተከፈቱት ሣጥኖች፦ ከአንድ የመርከብ ፊልም የተገኘ ትምህርት

«ደም መጣጭ የሚታይበት ፊልም ለመምህርነት ሙያ ምን ይበጃል?» ብላችሁ ከመሳቃችሁ በፊት እስከ መጨረሻው እንድታነቡልን እንጠይቃለን። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ስድስት ሆነን በአንዲት ላፕቶፕ ዙሪያ ተኮልኩለን «የዴሜትር የመጨረሻ ጉዞ» የተባለውን ፊልም አየን። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እንቢ ስላለን ክርክር ገጠምን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ክርክር ውጤት ነው።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ሲሆን ያዘጋጀው ኖርዌያዊው አንድሬ ኦቭረዳል ነው። ታሪኩ የተወሰደው የአየርላንዱ ተወላጅ ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ካሳተመው «ድራኩላ» ከተሰኘው ልቦለድ፣ ያውም ከምዕራፍ 7 ነው። ደራሲው መርከቢቱን እንዲያው ከባዶ አልፈጠራትም። እ.ኤ.አ. በ1885 «ዲሚትሪ» የምትባል የሩሲያ መርከብ በእንግሊዝ አገር ዊትቢ በምትባል የወደብ ከተማ ዳርቻ ላይ ማዕበል ጥሏት ነበር። ስቶከር በ1890 ዊትቢን ሲጎበኝ ስለ አደጋው ሰምቶ ማስታወሻ ያዘ።

በልቦለዱ ውስጥ ዴሜትር የተባለችው የሸራ መርከብ በቡልጋርያ ከቫርና ወደብ ተነሥታ ወደ ዊትቢ ትጓዛለች። ጭነቷ አሸዋና በአፈር የተሞሉ 50 ትላልቅ የእንጨት ሣጥኖች ናቸው። የተሳፈሩት ካፒቴኑን ጨምሮ 9 ሰዎች ሲሆኑ፣ ከሣጥኖቹ በአንዱ ውስጥ ድራኩላ ተኝቷል። ከዚያማ መርከበኞቹ አንድ በአንድ ይጠፉ ጀመር። አንባቢው ማን እንደሚያጠፋቸው ያውቃል፤ እነሱ ግን አያውቁም። ፊልሙም የተሰባበረችውን መርከብ መጀመሪያ ላይ ያሳየናል። ታዲያ መጨረሻው ከታወቀ ለምን ያስፈራል? ከመካከላችን አንዷ «የሚያስፈራው እኮ እኛ እያየነው እነሱ አለማየታቸው ነው» አለች። እውነቷን ነው። ለምን እንዳላዩ ደግሞ ልቦለዱ በሚገባ ያስረዳል።

1ኛ/ ፍተሻው። የመጀመሪያው ሰው እንደጠፋ አንድ መርከበኛ ረጅም ቀጭን እንግዳ ሰው ማየቱን ለካፒቴኑ ይነግራል። መርከቢቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ በፋኖስ ትፈተሻለች። ሣጥኖቹ ግን አልተከፈቱም! ሰው የሚደበቅበት ጥግ የለም ተባለና ሁሉም እፎይ አለ።

2ኛ/ መዝገቡ። ካፒቴኑ ነገሩን በጥንቃቄ መመዝገብ የጀመረው ሐምሌ ወር በአውሮፓውያን አቆጣጠር 18 ቀን፣ ማለትም ሰው ከጠፋ በኋላ ነው።

3ኛ/ ጥርጣሬው። በመጨረሻ ካፒቴኑና ምክትሉ ብቻ ሲቀሩ፣ ምክትሉ ሣጥኖቹን ልፈታ ብሎ ወደ ጭነቱ ክፍል ይወርዳል። በድንጋጤ አብዶ ይወጣና ባሕር ውስጥ ይዘላል። ካፒቴኑም ሰዎቹን የፈጀው ይህ እብድ ነው ብሎ ይጽፋል። ስሕተቱን የተረዳው በማግሥቱ ነው። እሱም እጁን ከመሪው ጋር አስሮ እዚያው ሞተ።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለን ክፍልፋይ አስተማርን። ሰሌዳው ሞላ፣ ጠመኔው አለቀ። «ገባችሁ?» አልን። «አዎ!» አሉ በአንድ ድምፅ። እፎይ አልን። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ብቻ 1/4 ከ1/2 ይበልጣል ብሎ ጻፈ፤ እኛም ሰነፍ ነው፣ አይሰማም ብለን ፈረድንበት። በማግሥቱ አስጠግተን «እስቲ ለምን?» ስንለው «4 ከ2 ይበልጣል እኮ!» አለ። ለሌሎቹም ይህንኑ ጥያቄ ብናቀርብ ብዙዎቹ እንደሱ ነበር የሚያስቡት፤ ዝም ብለው ከጎረቤት ገልብጠዋል። አንድ ዳቦ አምጥተን ለሁለት፣ ከዚያም ለአራት ስንቆርሰው ነው ነገሩ የተፈታው። ያ ልጅ ሰነፍ አልነበረም፤ ሣጥኑን የከፈተልን እሱ ነው። በችኮላ ፈርደንበት ስለነበር አፈርን።

ፊልሙም ይህንኑ ይደግፋል። አንድ ሣጥን ተሰብሮ አና የምትባል ሴት ከአፈሩ መሐል ትገኛለች። ክሌመንስ የተባለው ሐኪም ደም ሰጥቶ ያተርፋታል፤ ስለ ድራኩላ እውነቱን የምትነግራቸውም እሷ ናት። ሆኖም ጊዜው መሽቷል።

ስለዚህ ለእኛ ለዕጩ መምህራን ሦስት ነገር ይቀራል። «ገባችሁ?» ብቻ ብሎ ማለፍ ሣጥን ሳይከፍቱ መፈተሽ ነውና «እንዴት አገኘኸው? ለምን?» ብለን እንጠይቅ። የተማሪዎችን ስሕተት ነገሩ ከከፋ በኋላ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ እንመዝግብ። ሳናጣራ ደግሞ በአንድ ልጅ ላይ አንፍረድ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ልጆች ግን የማይደብቁት የማይሳለቅባቸው መምህር ሲያገኙ ነው።

መምህራኖቻችንም፣ በሚቀጥለው ሳምንት «ገባችሁ?» ስትሉን «አዎ!» ብንላችሁ እባካችሁ አትመኑን!