የእገዛ ጽሑፍ አዘገጃጀት፦ የመምህርና የጠያቂ ምልልስ

ጠያቂ፦ መምህር፣ የእገዛ ጽሑፍ ማዘጋጃ ሶፍትዌር ከተራ የጽሑፍ ፕሮግራም በምን ይለያል?

መምህር፦ በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ግራ ሲገባው «ኤፍ 1» የሚለውን ቁልፍ ቢጫን የሚከፈትለት መመሪያ የእገዛ ጽሑፍ ይባላል፤ እንደ ሮቦሄልፕና ማድካፕ ፍሌር ያሉት ፕሮግራሞች ይህን ለማዘጋጀት የተሠሩ ናቸው። ተራው ፕሮግራም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚነበብ ሰነድ ሲያወጣ፣ እነዚህ ጽሑፉን ለየብቻቸው በሚቆሙና «ርዕስ» በሚባሉ አጫጭር ክፍሎች ይይዙታል።

ጠያቂ፦ ታዲያ ጀማሪ የፕሮግራሙን ሜኑ ሁሉ ከማጥናት ይጀምር?

መምህር፦ አይደለም፣ ልጄ፤ ብዙ ጀማሪ በከንቱ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። አስቀድሞ ተጠቃሚው ሊጠይቅ የሚችለውን በወረቀት ይዘርዝር፤ ለአንድ ጥያቄም አንድ ርዕስ ይመድብ። «ደረሰኝ እንዴት ይታተማል?» የሚለው የአሠራር ርዕስ ሲሆን፣ «ደረሰኝ ምንድን ነው?» የሚለው የጽንሰ ሐሳብ ርዕስ ነው፤ ሁለቱን የሚቀላቅል ጸሐፊ ሥራ ያስቸኮለውን አንባቢ በትርጓሜ ያስቆመዋል። በ2005 እ.ኤ.አ. ኦኤሲስ በተባለው ደረጃ አውጪ ድርጅት የጸደቀው «ዲታ» የተባለው የአጻጻፍ ሥርዓት ርዕሶችን በጽንሰ ሐሳብ፣ በአሠራርና በማጣቀሻ የሚለየውም ስለዚህ ነው። አንባቢው በፍለጋ በየትኛውም ርዕስ ሊገባ ስለሚችል፣ «ከላይ እንደተገለጸው» የሚለው የተለመደ ሐረግ በእገዛ ጽሑፍ ውስጥ ቦታ የለውም፤ «ላይ» የሚባል ነገር የለምና።

ጠያቂ፦ ርዕሶቹ ከተጻፉ በኋላስ?

መምህር፦ በማውጫ ይደረደራሉ፣ በሊንክ ይያያዛሉ፣ ከዚያም ፕሮግራሙ ለአንባቢ ወደሚደርስ ቅርጽ ይለውጣቸዋል። ይህ በጥቂት ርዕሶች ቢሞከር ቶሎ ይለመዳል።

ጠያቂ፦ እገዛው በአማርኛ ሲሆን የሚለወጥ ነገር አለን?

መምህር፦ አለ፤ ቸል የሚባልም አይደለም። ማይክሮሶፍት በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤችቲኤምኤል ሄልፕ፣ ርዕሶቹን «ሲኤችኤም» በሚባል አንድ ፋይል የሚያጠቃልለው ቅርጽ ማለት ነው፣ የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ማለትም የዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ የቁጥር ሥርዓት ከመግባቱ በፊት የተሠራ ነው። ማውጫውም የቃላት መጠቆሚያውም የሚመሩት ለግዕዝ ፊደል ስፍራ ባልነበራቸው አሮጌ የቁጥር ሰንጠረዦች በመሆኑ፣ አማርኛው እዚያ በትክክል አይቀመጥም፤ ስለዚህ ዩቲኤፍ 8 በተባለው የዩኒኮድ አቀማመጥ የሚቀመጠውን የድረ ገጽ ቅርጽ መምረጥ ይሻላል። ከዚህም ሌላ ፍለጋው የፊደላቱን ዝምድና ስለማያውቅ «ሠራተኛ» ተብሎ የተጻፈውን «ሰራተኛ» ብሎ ለሚፈልግ ላያገኝለት ይችላል፤ ጸሐፊው ሁለቱንም አጻጻፍ በመጠቆሚያው ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል።